የግሥ ጅራት

ፕራቶ፣ ማክሰኞ ማታ፤
ከታች ሃያ የስፌት መኪና ወለሉን ሲመታ፣
ከላይ ሦስት ልጆች፣ አንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛ፣
በሰዓት ዘጠኝ ዩሮ፣ እንግሊዝኛ የሚገዛ።

«ላውሺ» ይሉኛል፣ መምህር እንደ ማለት፤
ስሜ ውስጥ ያለችው «ጸ» አልወጣ ብላቸው ተዉአት።
የምንከራከረው በጣሊያንኛ ነው፣
የማናችንም ባልሆነው።

ጁንሃው ብዕሩን በአውራ ጣቱ ላይ ያሾራል፤
«ትናንት ገበያ እሄዳለሁ» ብሎ በእንግሊዝኛ ይናገራል።
አርመዋለሁ። ይሟገታል፦
«ትናንት አልኩ እኮ! ትናንት ካልኩ አለፈ፤
ግሡ ላይ ለምን ይደገማል፣ አንዴ ከተጻፈ?»

መልስ አጣሁለት። ልጁ እውነቱን ነው፤
ትናንትን ሁለቴ ማስከፈል የእንግሊዝ ብቻ አይደለም፣ የእኔም ቋንቋ አመል ነው።

ዪሩይ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ወንድሟን «እሷ» ትላለች፣ «እሱ» ትላለች እናቷን፤
በቤታቸው ቋንቋ ሁለቱም በአፍ «ታ» ናቸው፣ አንድ ትንፋሽ።
እኔ ደግሞ፣ ጨረቃን እንኳ ያለ ፆታ የማልጠራ፣
«አንተ» ወይ «አንቺ» ሳልል ከሰው የማላወራ፣
ቀይ ብዕሬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፣ ለትንሽ።

ንባብ ቁጥር ሰባት።
ሚስተር ሃርዲንግ ከነቤተሰቡ ለፒክኒክ ይወጣል፤
ዝናብ ይመጣል፣ ሳንድዊቹ ይረጥባል፣ ውሻው ይጠፋል፣ ይገኛል።
«ፒክኒክ ምንድን ነው?»
«እሑድ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ መብላት ነው።»
«እሑድ?» አለ ጁንሃው፣
ከወለሉ በታች ያለውን ድምፅ በጫማው እየጠቆመ፤
እኔም ዝም አልኩ፣ እሑድም እንደ ማክሰኞ ነውና፤ መኪናው መቼ ቆመ?

ጥያቄ አራት፦ በመጨረሻ ጸሐፊው ምን ተሰማው?
ሀ፣ ደስታ። ለ፣ ሐዘን። ሐ፣ ድካም።
መ፣ ምንባቡ አይናገርም።
ሦስቱም «መ»ን ከበቡ። ቁልፉ «ሀ» ይላል፤
ምንባቡን ደግሜ አነበብኩት። እውነትም አይናገርም።

ዌንሊን አንድ ቃል ሳትተነፍስ አምስት ዐረፍተ ነገር ጽፋ ጨረሰች፤
አባቴ፣ እናቴ፣ ታናሼ እያለች፣
አምስተኛው ላይ፦ «አያቴ ዌንዡ ይኖራል» አለች።
«ሊቭ» ብላ ነው የጻፈችው፣ ጅራት የሌለው።
ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ፣ የአሁን ጊዜ፤ ደንቡ የታወቀ ነው።
በቀይ አንዲት ኤስ ቀጠልኩለት፤
«ሊቭስ በይ» አልኳት።

አላለችም። ላጲስ አወጣች።
ቀይ ቀለም በላጲስ አይለቅም፤ ወረቀቱ ግን እስኪሳሳ ፈገፈገች፣
በኤሷ ጠባሳ ላይ ዲ ጻፈች።
«ሊቭድ» አለች።
ቀጥላም፣ ወደ መስኮቱ፦ «መጋቢት ላይ»።

እሷ ባደገችበት ቋንቋ «ዡ» አይለወጥም፣
ሰው ሞተ፣ ቤት ፈረሰ ብሎ ቅርፁን አይጥልም፤
ጅራቱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ በዘጠኝ ዩሮ።
የእኔው «ይኖራል» ደግሞ ሁለት ልብ ነው፣ ከድሮ፤
መኖርም ነው፣ ምናልባትም ነው፤
«ነበር» ሲደርስ ነው በሩ የሚዘጋው።

ምን ይታረማል? ኅዳጉ ላይ «ትክክል» ብዬ ጻፍኩ፤
ከዚያ በላይ የማውቀው ስላልነበረ ቀዩን ብዕር ከደንኩ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ደብተራቸውን ሰበሰቡ፤
ዪሩይ የዌንሊንን ቦርሳ ተሸከመችላት፣ ሳትጠየቅ።
ጁንሃው ደረጃው ላይ ዞር ብሎ፣
ያለፈ ጊዜን አሁን ገና እንዳገኘ ሰው ኮርቶ፣
«ላውሺ፣ ሐሙስ መጣን!» አለኝ በእንግሊዝኛ።

ላርመው አፌን ከፍቼ ተውኩት።
በእኔ አገርም የሚወጣ ሰው፣ ገና ሳይመለስ፣
«መጣሁ» ብሎ ነው የሚሄደው።